«ኦሪጂናል» ስለምትባለው ቃል፤ ከአባት በተወረሰ የወታደር ሰዓት ምክንያት የተሰጠ አስተያየት



በንግድ ዓለም ከዕቃው ዋጋ በላይ የሚከበር አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የነጋዴው ቃል ነው። ዕቃ ቢሰበር ይጠገናል፤ ገንዘብ ቢጐድል በሌላ ዓመት ትርፍ ይሞላል፤ ቃሉ አንድ ጊዜ የታጠፈበት ነጋዴ ግን ስሙን ለማደስ ዕድሜው አይበቃውም። ዛሬ ልጽፍበት የተነሣሁት ጉዳይ የአንዲት አሮጌ የእጅ ሰዓት ነገር ስለ ሆነ፥ ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በገበያችን በየቀኑ ያለ ሐሳብ የምትነገረውን «ኦሪጂናል» የምትባለዋን ቃል ወደ ሚዛን የሚያወጣ ስለ ሆነ፥ ለነጋዴ ወገኖቼ ባቀርበው ይጠቅማል ብዬ አመንሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ተብለው ካልተጻፉ በቀር፥ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

እናታችን ባለፈው ዓመት ካረፉ በኋላ፥ ሣጥናቸውን ስንከፍት ከብዙ ዘመን በፊት የሞቱት አባታችን ያሥሯት የነበረችው ሰዓት በጨርቅ ተጠቅልላ ተገኘች። ገጽዋ ጥቁር፥ ቁጥሮችዋ ነጭ፥ ሰኮንድ መቁጠሪያዋ በ6 ቁጥር ላይ ለብቻው በትንሽ ክብ ውስጥ የተቀመጠ የኦሜጋ ሰዓት ናት። አባታችን በወጣትነታቸው ከእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ጋር በአስተርጓሚነት ሠርተዋል። በቤተ ሰባችን ዘንድ ሲነገር የኖረው ታሪክ፥ በ1933 ዓ.ም. ጠላት ድል በሆነ ጊዜ አንድ የእንግሊዝ መኮንን ከእጁ ፈትቶ ሸለማቸው የሚል ነበር። እኛ ሦስት ወራሾች ነን። ታናሽ ወንድማችን ተሸጣ ገንዘቡን እንካፈል አለ፤ እኅታችን የአባቴ እጅ ያረፈበት ዕቃ አይሸጥም አለች፤ እኔ ደግሞ በሁለቱ መካከል ቆሜ፥ «አስቀድመን ምን እንደ ሆነች እንወቅ» አልሁ።

ታናሽ ወንድማችን ሰዓቲቱን ይዞ ሁለት ሱቆች ገባ። በመጀመሪያው ሱቅ፥ «ገጽዋ በስብሷል፥ ቆጣሪዎችዋም አይመሳሰሉም፤ ኦሪጂናል አይደለችም» ተብሎ የቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ያህል ቀረበለት። ለማየት እንዲያምር ተብሎም የጀርባ ክዳንዋ በማሽን ተወለወለ። በሁለተኛው ሱቅ፥ «ገጽዋን በአዲስ ቀለም እንቀባና አዲስ እናስመስላታለን፤ ከዚያ በኋላ የ1941 ኦሪጂናል ናት ብለን ለውጭ አገር ሰው በጥሩ ዋጋ እንሸጣለን» ተባለ። እንግዲህ አንዲቱ ሰዓት በአንድ ቀን ውስጥ፥ ሳትነካ «ኦሪጂናል አይደለችም» ተባለች፤ ብትቀባ ግን «ኦሪጂናል» ልትባል ሆነ። ቃሉ በገበያችን ምን ያህል ትርጕሙን እንዳጣ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

በመጨረሻ በመርካቶ ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ወሰድናት። እርሳቸውም በማጉያ መነጽር ረዘም ላለ ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ፥ «ኦሪጂናል ናት ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ኦሪጂናልዋ የቱ ነው ብላችሁ ጠይቁኝ» አሉን። የዚህ ጽሑፍ አሳብ በሙሉ ከዚህች ንግግር የተወለደ ነው።

የእኔ አስተያየት እንደሚከተለው ነው። አንድ አሮጌ የወታደር ሰዓት በሦስት እጆች ውስጥ ያልፋል። የመጀመሪያው የፋብሪካው እጅ ነው፤ ሁለተኛው ሰዓቱን በየጊዜው ይጠግን የነበረው የሠራዊቱ እጅ ነው፤ ሦስተኛው ከሠራዊቱ ከወጣ በኋላ የነካካው የገበያው እጅ ነው። የእያንዳንዱ እጅ ሥራ የየራሱ ስምና የየራሱ ዋጋ አለው። ስለዚህ ሰዓቱን በጅምላ «ኦሪጂናል» ወይም «ፎርጅድ» ብሎ መፍረድ፥ ሦስቱን እጆች ማደባለቅ ነው። ትክክለኛው ፍርድ ገጹን፥ ቆጣሪዎቹን፥ ቤቱንና ማሽኑን ለየብቻ መርምሮ፥ ይህኛው የፋብሪካ ነው፥ ያኛው የሠራዊት ነው፥ ያኛውም የገበያ ነው ብሎ መለየት ነው።

አሁን ወደ ነገሩ ዝርዝር እንግባ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ መንግሥት ለወታደሮቹ የሚሆን አንድ ዓይነት ሰዓት እንዲሠራለት መመዘኛ አውጥቶ ነበር። ገጹ ጥቁር፥ ቁጥሮቹና ቆጣሪዎቹ በጨለማ የሚያበሩ፥ ቤቱ ውኃ የማያስገባ፥ መስተዋቱ የማይሰበር፥ ማሽኑም ቢያንስ ባለ 15 ድንጋይ እንዲሆን ታዘዘ። ይህን መመዘኛ አሟልተው ያቀረቡት አሥራ ሁለት ቤቶች ናቸው፤ እነርሱም ቡረን፥ ሲማ፥ ኤተርና፥ ግራና፥ አይ ደብልዩ ሲ፥ ጄገር ለኩልተር፥ ሌማንያ፥ ሎንጂን፥ ኦሜጋ፥ ሪኮርድ፥ ቲሞርና ቨርቴክስ ይባላሉ። በጀርባቸው ላይ ደብልዩ የተባለው የላቲን ፊደል ሦስት ጊዜ ተደግሞ ተቀርጿል፤ ትርጕሙም «ሰዓት፥ የእጅ፥ ውኃ የማያስገባ» ማለት ነው። ከዚህም ጋር የእንግሊዝ መንግሥት ንብረቱን ሁሉ ከጥንት ጀምሮ የሚያትምበት ባለ ሦስት መስመር የፍላጻ ምልክት በገጹም በጀርባውም ላይ ይገኛል። ሰብሳቢዎች እነዚህን ሰዓቶች በ1967 በወጣ አንድ ፊልም ስም «አሥራ ሁለቱ ቆሻሾች» እያሉ በቀልድ ይጠሯቸዋል። ለዚህ ጽሑፍ ዋና የሆነው ነጥብ ግን፥ እነዚህ ሰዓቶች ለሠራዊቱ በብዛት የተሰጡት ጦርነቱ ባበቃበት በ1945 መሆኑ ነው።

መርማሪ አስቀድሞ የሚመለከተው ገጹን ነው፤ ምክንያቱም ከዋጋው ከፍተኛውን ድርሻ የሚይዘው ገጹ ሲሆን፥ አታላይም አብዝቶ የሚነካው እርሱኑ ነው። እንደ አዲስ የተቀባ ገጽ ራሱን የሚያጋልጥባቸው ምልክቶች አሉት። የፊደሎቹ ጠርዝ ይደበዝዛል ወይም ከልክ በላይ ይወፍራል፤ ፍላጻው ይንጋደዳል፤ በዙሪያው ያሉት የደቂቃ መስመሮች እኩል አይራራቁም፤ የትንሹ ሰኮንድ ክብ ከመሐሉ ይዛነፋል። ከሁሉ ይልቅ ግን ብርሃኑን ማየት ነው። በ1945 የተቀባው የሚያበራ ቀለም ራዲየም ያለበት ነበር። ያ ቀለም ከብዙ ዓመት በፊት ብርሃኑን ጨርሷል፤ መልኩም ወደ ቡኒነት ተለውጧል። እንግዲህ «የጦርነት ዘመን ኦሪጂናል» የተባለ ሰዓት ጨለማ ክፍል ውስጥ ገብቶ እንደ ሻማ ቢያበራ፥ ያ ቀለም የዘመናችን ሥራ መሆኑን ማንም ሰው ሊፈርድ ይችላል። የመጀመሪያው ሱቅ «በስብሷል» ያለው ቡናማ መልክ፥ ራዲየሙ በሰማንያ ዓመት ውስጥ የተወው አሻራ ነው። ነውር ተብሎ የተቈጠረው ነገር ማስረጃ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ስለ ራዲየም ከተነሣ፥ ለሰዓት ሠሪ ወንድሞቻችን ጤና ሲባል መነገር ያለበት ነገር አለ። ቀለሙ ብርሃኑን ያጣው ራዲየሙ ስላለቀ አይደለም። ብርሃን የሚሰጠው ከራዲየሙ ጋር የተደባለቀው ዚንክ ሰልፋይድ የተባለው ንጥረ ነገር ስለ ደከመ ነው። የራዲየሙ ኀይል ወደ ግማሹ የሚወርደው በ1,600 ዓመት ያህል ስለ ሆነ፥ ዛሬም ከሞላ ጐደል እንደ ነበረ አለ። በ1920ዎቹ በአሜሪካ የሰዓት ገጽ ይቀቡ የነበሩ ሴቶች ልጆች ብሩሹን በከንፈራቸው እያሾሉ ሲሠሩ በራዲየም ተመርዘው እንደ ሞቱ ታሪክ መዝግቦታል። ስለዚህ የአሮጌ ሰዓት ቀለም በምላጭ አይፋቅ፤ ዱቄቱም በአፍ እፍ አይባል፤ ምግብ በሚበላበት ጠረጴዛ ላይም አይከፈት። ክዳኑ ተዘግቶ በእጅ መታሰሩ አንድ ነገር ሲሆን፥ ተከፍቶ መፋቁ ፍጹም ሌላ ነገር ነው።

ከገጹ ቀጥሎ የሚታዩት ቆጣሪዎቹ ናቸው። የቆጣሪዎቹ ቀለም ከገጹ ቀለም ጋር አብሮ ማርጀት ይገባዋል። በአባታችን ሰዓት ላይ የሰዓቱ ቆጣሪ እንደ ገጹ ቡኒ ሲሆን፥ የደቂቃው ቆጣሪ ወደ አረንጓዴነት ያደላል፤ ስለዚህ የደቂቃው ቆጣሪ በኋላ የገባ ነው። ቤቱን በተመለከተ ደግሞ፥ ቺንጊያው የሚያልፍባቸው ዘንጎች ከቤቱ ጋር የተበየዱ መሆናቸውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ሠራዊቱ ወታደሩ ሲሮጥ ሰዓቱ እንዳይወድቅበት ሲል እንዲህ አሠርቶታልና። ቀጥሎም በጀርባው ላይ የተቀረጸው የሠራዊት ቁጥር ይነበባል። የኦሜጋ ሰዓቶች ከቁጥራቸው በፊት ዋይ የተባለውን የላቲን ፊደል፥ የቨርቴክስ ሰዓቶች ደግሞ ኤ የተባለውን ፊደል ይዘዋል። በሌላ ቤት ፊደል የታተመ ክዳን ከተገኘ፥ ክዳኑ ከሌላ ሰዓት የመጣ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ የወንድማችን ስሕተት ምን እንዳስከፈለን መናገር አለብኝ። በመጀመሪያው ሱቅ የተደረገው ውልወላ ከክዳኑ ላይ የሁለት አኃዞችን ቅርጽ አጥፍቶታል። ያ ቁጥር ሰማንያ ዓመት ያህል ላብና ዝናብ ሳያጠፋው ኖሮ፥ በአሥር ደቂቃ ሥራ ጠፋ። ቧጨራ የዕድሜ ምስክር ነው፤ የተወለወለ ብረት ግን ምስክርነቱን የተነጠቀ ብረት ነው። ይህን ጉዳት ማንም ሰዓት ሠሪ ሊመልሰው አይችልም።

በመጨረሻ ማሽኑ ይመረመራል። በአባታችን ሰዓት ውስጥ የተገኘው ኦሜጋ 30ቲ2 ብሎ የሰየመው ማሽን ሲሆን፥ ለዚህ ዓይነት ሰዓት የሚገባው እርሱ ነው። በሌላ ማሽን የተሞላ ቢሆን ኖሮ፥ ገጹና ቤቱ እውነተኛ ቢሆኑም ሰዓቱ ከሁለት ሰዓቶች የተሰፋ ይሆን ነበር። ማሽኑ የራሱ ተራ ቁጥር ስላለው፥ የቀድሞ መዝገባቸውን ጠብቀው ከያዙት የስዊስ ቤቶች ጋር ተጻጽፎ የተሠራበትን ጊዜ ማረጋገጥ የሚቻልበትም ሁኔታ አለ።

አሁን ነጋዴዎቻችን ብዙ ጊዜ ወደሚሳሳቱበት ወደ ሠራዊቱ እጅ ልመለስ። በ1942 የተቋቋመው የእንግሊዝ ሠራዊት የኤሌክትሪክና የሜካኒክ መሐንዲሶች ጓድ፥ ከጦርነቱ በኋላም እነዚህን ሰዓቶች እየሰበሰበ ሲጠግን ኖሯል። ሠራዊት ሰዓት የሚጠግነው በጊዜው እንዲሠራለት ነው፤ ለቤተ መዘክር ብሎ አይደለም። ስለዚህ ሃያ ሰዓት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተፈትቶ ሲታጠብ፥ የአንዱ ቆጣሪ ወደ ሌላው ቢሄድ፥ የአንዱም ክዳን ለሌላው ቢገጠም ግድ አይሰጠውም ነበር። ከ1960ዎቹ ጀምሮም አደገኛውን የራዲየም ገጽ እያነሣ፥ አደጋው እጅግ አነስተኛ በሆነው በትሪቲየም በተቀባ ገጽ ይተካ ነበር። እንዲህ ባለው ገጽ ላይ ቲ የተባለው የላቲን ፊደል በክብ ውስጥ ተጽፎ ይታያል። ይህ ገጽ የ1945 ፋብሪካ ሥራ አይደለም፤ ፎርጅድም አይደለም። የሠራዊቱ ሕጋዊ ጥገና ነው፤ የራሱም ታሪክና የራሱ ፈላጊ አለው። እንዲህ ያለውን ሰዓት «ፎርጅድ ነው» ብሎ በርካሽ የሚገዛ ነጋዴ ሻጩን ይበድላል፤ «እንደ ወጣ ነው» ብሎ በውድ የሚሸጥም ገዢውን ይበድላል።

ገጹ የባለቤቱንም ታሪክ ይመረምራል። ለምሳሌ አንድ ሰው «አያቴ ይህን ሰዓት በ1950 ከእንግሊዝ ወታደር ተቀበለ» ቢልና በገጹ ላይ በክብ ያለ ቲ ቢገኝ፥ ያ ሰዓት በ1960ዎቹ ገና በሠራዊቱ ግምጃ ቤት ነበር፥ ወይም ገጹ በኋላ ከሌላ ቦታ መጥቶ ገብቷል ማለት ነው። ቃልና ዕቃ ሲጣሉ፥ ዕቃው በቀላሉ አይዋሽም።

በእኛም ቤት የደረሰው ይኸው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ የተመለሱት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። የሰዓታችን ዓይነት ግን ለእንግሊዝ ሠራዊት በብዛት የተሰጠው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። በድል ቀን ከመኮንን እጅ የተፈታች ሰዓት ልትሆን አትችልም። ይህን ለቤተ ሰቡ በገለጽሁ ጊዜ እኅታችን አለቀሰች፤ «አባታችንን ከሞቱ በኋላ ውሸታም ልታደርጓቸው ነውን?» አለች። እኔም ነገሩን በልቤ ሳመላልስ ቈየሁ። በ1942 በተደረገው ስምምነት መሠረት የመጣው የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን በአገራችን እስከ 1951 ቈይቷል፤ አባታችንም እስከ መጨረሻው አብረውት ሠርተዋል። እንግዲህ ሰዓቲቱ በእነዚያ የመጨረሻ ዓመታት ተሰጥታቸው ይሆናል። ደግሞም ጠለቅ ብለን ስናስታውስ፥ አባታችን ራሳቸው «ከእንግሊዞች ጋር ስሠራ ያገኘኋት ናት» ከማለት በቀር ዓመት ጠርተው አያውቁም። 1933ን የጨመርነው፥ መኮንኑንም በድል ቀን ያቆምነው እኛ ልጆቻቸው ነን። ሁለተኛው ሱቅ በገጹ ላይ ሊያደርግ የፈለገውን፥ እኛ አስቀድመን በታሪኩ ላይ አድርገነው ነበር። እኅታችን ይህን በሰማች ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያም፥ «እንግዲያስ አባታችን ሰዓቲቱን ያገኟት በሥራቸው ነው» አለች። ይህም ከሽልማቱ ታሪክ የሚያንስ ክብር አይደለም።

የሽማግሌው ሰዓት ሠሪ ፍርድ በወረቀት ላይ ሲጻፍ እንዲህ ሆነ። ገጹ የፋብሪካ፥ ያልተቀባ፤ ማሽኑ የፋብሪካ፥ ለዓይነቱ የሚገባ፤ ቤቱ የፋብሪካ፤ ክዳኑ የራሱ፥ ነገር ግን ተወልውሎ ሁለት አኃዝ የጠፋበት፤ የደቂቃው ቆጣሪ የተተካ፤ መስተዋቱና ቺንጊያው አዲስ። ይህች ወረቀት ሰባት መስመር አትሞላም። ሆኖም በሁለቱ ሱቆች ከተነገረው ሁሉ ይልቅ ለሻጭም ለገዢም የምትጠቅም እርስዋ ናት።

«ደንበኛ አጭር መልስ ይፈልጋል፤ ሰባት መስመር የሚያነብ ገዢ የለም፤ እንዲህ ያለ ዝርዝር ዕቃውን ያረክሰዋል» የሚሉኝ ነጋዴዎች እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ክርክራቸው ፍሬ የሌለው አይደለም፤ በሱቅ ውስጥ ጊዜ ገንዘብ ነውና። ነገር ግን አንድ የተተካ ቆጣሪ ተገልጦለት የገዛ ሰው ተመልሶ ሌላ ሰዓት ይገዛል፤ ተሰውሮበት የገዛ ሰው ግን ከፖሊስ ጋር ይመለሳል፤ ወይም ጨርሶ አይመለስም። እውነትና ንጋት እያደር ይገለጣልና፥ ነጋዴው ራሱ ቀድሞ ቢገልጠው ይሻለዋል። ከዚህም በላይ ጉዳዩ የሕግ ጉዳይ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ የሚያስረክበው ዕቃ በውሉ እንደ ተባለው ለመሆኑ ኀላፊነት እንዲኖርበት ደንግጓል። «ኦሪጂናል» ብሎ በደረሰኝ ላይ የጻፈ ሰው ለእያንዳንዱ ብሎን ዋስ ሆኗል ማለት ነው። ዝርዝሩን የጻፈ ነጋዴ ግን የሚጠየቀው በጻፈው ልክ ብቻ ነው። ዝርዝር ገዢውን ብቻ ሳይሆን ሻጩንም ይጠብቃል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ። አንደኛ፥ አሮጌ ሰዓት የሚሸጡ ነጋዴዎች «ኦሪጂናል» የምትለውን ቃል ብቻዋን በደረሰኝ ላይ መጻፍ ይተዉ፤ በምትኩ የገጹን፥ የቆጣሪዎቹን፥ የቤቱንና የማሽኑን ሁኔታ በአራት መስመር ይጻፉ። ሁለተኛ፥ ሰዓት ሠሪዎች ባለቤቱ ምን እንደሚጠፋበት ተረድቶ በጽሑፍ ሳይፈቅድ አሮጌ ሰዓት አይወልውሉ፥ ገጽም አይቀቡ፤ ከሰዓቱ ያወጡትን አሮጌ ዕቃም በፖስታ አድርገው ለባለቤቱ ይመልሱ። ሦስተኛ፥ የንግድ ምክር ቤታችን ለሰዓት ነጋዴዎችና ለሰዓት ሠሪዎች የሚሆን አንድ ወጥ የመግለጫ ወረቀት ቢያዘጋጅ፥ ወጪው ትንሽ ሆኖ ጥቅሙ ብዙ ይሆናል። ይህ አሠራር ለሰዓት ብቻ ሳይሆን ለአሮጌ ካሜራ፥ ለጌጣጌጥና ለልዩ ልዩ የቅርስ ዕቃ ሁሉ ሊያገለግል ይችላል።

ለወራሾችም አንድ ቃል ልጨምር። ከአባት ወይም ከአያት የወታደር ሰዓት የደረሳችሁ ሰዎች፥ ለመሸጥ ብታስቡም ለማኖር፥ አስቀድማችሁ አታጽዱ፥ አታስወልውሉ፥ አታስቀቡ። ከሰዓቱ ጋር የተገኘ አሮጌ ደብዳቤ፥ ፎቶግራፍ ወይም የሥራ ወረቀት ቢኖር አብራችሁ አኑሩት። የሚነገረውንም ታሪክ ማን እንደ ተናገረውና መቼ እንደ ተናገረው ለይታችሁ ጻፉ፤ የሰማችሁትን ካሰባችሁት አታደባልቁ።

የአባታችን ሰዓት አልተሸጠችም። ታናሽ ወንድማችን፥ ባስወለወለው ክዳን ተጸጽቶ ይሁን በሌላ ምክንያት፥ ድርሻውን ለእኅታችን ተወላት። የሽማግሌው ወረቀት ታጥፎ ከሰዓቲቱ ጋር በአንድ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ከእኛ በኋላ የሚወርሳት ልጅ፥ የትኛው የፋብሪካ፥ የትኛው የሰው እጅ ሥራ እንደ ሆነ ከማንም ሳይጠይቅ ያውቃል። በየሱቃችን የሚሸጠው አሮጌ ዕቃ ሁሉ እንዲህ ያለች አንዲት ወረቀት ብትከተለው፥ ገበያችን ይታመናል፤ የታመነም ገበያ ገዢ አያጣም።